በነጎድጓድ የማይጠፋ

መቱ ላይ ሰማይ ካጉረመረመ ሶኬት የማይነቅል ሰው የለም። የገበሬዎች ዩኒየን ጥበቃው ጋሽ አብደታማ ብሰው፣ ቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን ማብሪያ ያወርዱታል። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ዱሬቲ ለመነች፣ ተቆጣች፤ ወይ ፍንክች! «መብረቅ አንቺን አያውቅሽም» ይሏታል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የስንቱ ገበሬ የመሬት ደብተር ቅጂ ነው። ስለዚህ ማሽኖቹን ሦስት አደረገቻቸው፦ አንዱ መቱ፣ ሁለቱ ጎረቤት ወረዳዎች ያሉ ቅርንጫፎች፣ አንዱ ሁሩሙ፣ አንዱ ኖፓ። አንዱ የያዘውን ሁሉም ይይዛሉ። አንዱ ከወደቀ የቀሩት ሁለቱ ማንንም ሳይጠይቁ ተስማምተው ሥራውን ይረከባሉ።

ሥራ አስኪያጁን አቶ ኪቲላን ያንገበገባቸው ይሄ «ማንንም ሳይጠይቁ» የሚሉት ነገር ነው። «ሦስቱም እኔ ክፍል ይግቡ፤ ቁልፉም እኔ ጋ! እስከ ሰኞ ካላመጣሽ ሥራ የለሽም» አሏት።

ሰኞ ደረሰ፤ ዱሬቲ አላመጣችም። ምን አባቱ! ሦስቱን አንድ ክፍል መቆለፍ ማለት ጋሽ አብደታ በአንድ እጃቸው ሦስቱንም እንዲያጠፉ መፍቀድ ነው።

የዚያኑ ቀን እትዬ አልጣሽ ከሁሩሙ እያለከለኩ መጡ። ከወሎ በሰፈራ መጥተው አርባ ዓመት ያረሱትን መሬት ጎረቤታቸው «የኔ ነው» ብሎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሩሙ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። ደብተራቸውን ምስጥ በልቶታል፤ ቅጂው ሁሩሙም እንዳለ አልሰሙም።

ዱሬቲ ስማቸውን መጻፍ ስትጀምር ሰማዩ ጓ! አለ። ጋሽ አብደታ ማብሪያውን አወረዱት። ቢሮው ጨለመ።

«ይኸው ጉድሽ!» አሉ አቶ ኪቲላ ከበራቸው ብቅ ብለው። «ነገ ይመለሱ፣ እትዬ።»

«ነገማ መሬቱ የት አለና!» አሉ እትዬ አልጣሽ።

ዱሬቲ ስልኳን አውጥታ ስማቸውን በዚያ ፈለገች። እውነት ለመናገር ፈርታለች፤ ዘዴዋ እንዲህ በክፉ ቀን ተፈትኖ አያውቅም። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ደብተሩ ከነፎቶው፣ ከነወሰኑ ተከፈተ። ኖፓ ተረክቧል! ወዲያው ሁሩሙ ላለችው ባልደረባዋ ደወለች፦ «ኢብሴ ኮ፣ የኔዋ፣ የእትዬ አልጣሽን ደብተር አትመሽ ለሽማግሌዎቹ ስጪ። ዳፊ፣ ፍጠኚ!»

«ወልደሽ ሳሚ!» ብለው እትዬ አልጣሽ ወደ መናኸሪያ በዝናቡ ሮጡ።

የአቶ ኪቲላ ፊት ተለዋወጠ። «ማን ፈቀደልሽ? የስንብት ደብዳቤሽን ዛሬውኑ እጽፋለሁ!»

«ይጻፉት፣ ጋሼ» አለች ዱሬቲ ቀና ብላ። «ስካን አድርጌ መዝገቡ ውስጥ አስገባዋለሁ። ለምን እንዳባረሩኝ ሁሩሙም ኖፓም ይነበባል፤ ጋሽ አብደታ እንኳ አያጠፉልዎትም።»