ባለ አራት ግድግዳው መድረክ

ግንበኛው ኃይለ ኢየሱስ ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲያቆም ኖሮ፣ አንድም ቀን ሦስት ግድግዳ ብቻ ያለው ቤት ሠርቶ አያውቅም። ማንስ ያሠራዋል? በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ነፋስ! መሐል ሜዳ ውስጥ የእሱ እጅ ያላረፈበት የድንጋይ ቤት ቢፈለግ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው፤ እነሱም ያዘምማሉ። ወረቀት ላይ መንደፍም ያውቅበታል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ለማዘጋጃ ቤት ንድፍ ሲጠየቅ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ቴያትር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚችው ጉድለት ነው።

ጊዜው ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ልጁ ትሕትና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትሆን የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ አባል ናት። የአማርኛው መምህር ታዲዮስ አንድ ተውኔት ጽፎ ነበር፤ አባታቸው ከሞተ በኋላ በቤቱ የሚጣሉ የአንድ ወንድምና የአንዲት እህት ታሪክ ነው። እህትየዋን ትሕትና፣ ወንድምየውን የአንድ ነጋዴ ልጅ ኸይረዲን ይጫወቱታል። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚደረገው ውድድር ታዲያ ከጽሑፉ ጋር የመድረክ ንድፍ አብሮ ይላክ ተባለ። የክበቡ ልጆች ከደብረ ብርሃን የተማረ ነዳፊ ይምጣ ሲሉ፣ ትሕትና ብድግ ብላ አባቴ ይሠራዋል አለች። አንዱ ቀልደኛ፣ ጋሽ ኃይሌ የበግ ጋጣ ነድፈው እንዳይሰጡን ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። እሷ ግን ከተበላሸ እኔ ልጠየቅ ብላ ወረቀቱን ይዛ ቤት ገባች።

«አባባ፣ አደራ» አለችው፤ «በሰው ፊት እንዳያሳፍሩኝ።»

ኃይለ ኢየሱስ ወረቀቱን ተቀበላት። የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር እሱ የሰው ግድግዳ ላይ ነው። ሽልማት ስትቀበል ያጨበጨበችላት እናቷ ደብሪቱ ብቻ ናት። አሁን ግን ልጁ ስሙን ጠርታ በስሙ ተወራርዳለች፤ ቢሞትም አያሳፍራትም።

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበበው። መምህሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ወሩ ሐምሌ፣ ብርዱ ከባድ ነው። ከመሐል እሳት የሚነድበት ምድጃ። ከኋላ ግድግዳ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ። አንድ በር፣ አንድ መስኮት።» ኃይለ ኢየሱስ በጣቱ ቆጠረ። ሦስት። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ሦስት። በሐምሌ እሳት አንድዶ አንዱን ወገን ባዶ መተው ማገዶ እየፈጁ ሰማይ ማሞቅ ነው። መምህሩ አንድ ግድግዳ ረስቷል ማለት ነው ብሎ ለሚስቱ ነገራት።

«ሰው እንዴት ግድግዳ ይረሳል?» አለች ደብሪቱ፤ «ሄደህ ጠይቀው እንጂ።»

ይሉኝታ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ይጠይቀው ነበር። ግን የተማረ ሰው ጋ ሄዶ ግድግዳ ረስተዋል ይባላል? ሰውየው ደራሲ ነው እንጂ ግንበኛ አይደለም፤ ነውሩን መሸፈን ይሻላል። አራተኛውን ግድግዳ ዝም ብሎ ጨመረለት። በሩንም ሰው ወጥቶ ፀሐይ እንዲሞቅ በዚያው በፊተኛው ግድግዳ ላይ አደረገው፤ ከጎኑም ድመት የማታሳልፍ መስኮት፣ ልክ እንደ መንዝ ቤት።

በማግስቱ መምህር ታዲዮስ ንድፉን ተቀብሎ ብዙ አየው። ምድጃዋን ለያት፤ የቀረው ግን መስመርና ቁጥር ሆነበት። ከፊት ያለችውን መስመር የመድረኩ ጠርዝ ናት ብሎ ገመተ፤ ክፍተቷንም ደረጃ አደረጋት። በሩ የት እንደሆነ መጠየቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን መምህር ሆኖ ንድፍ ማንበብ አይችልም እንዳይባል አፈረ። ግሩም ነው ጋሽ ኃይሌ ብሎ ፈረመበትና በአውቶቡስ ላከው። እንግዲህ ሰው ይፍረድ፤ ሁለት ጨዋ ሰዎች ተፋፍረው አንድ ግድግዳ አቆሙ።

ጣውላና አቡጀዴ ተገዛለት። ልጆቹ ክፍል ውስጥ በጠመኔ መስመር እያሰመሩ ሲለማመዱ፣ እሱ በጓሮው አመድና ጥቀርሻ በጥብጦ አቡጀዴውን ድንጋይ አስመሰለው። ደብሪቱ እንኳ ቀረብ ብላ በጣቷ ነካ አድርጋ ነው ጨርቅ መሆኑን ያረጋገጠችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ደረሱ። መምህሩና ልጆቹ ዕጣ ሊያወጡና ልብስ ሊቀይሩ ሲሄዱ፣ ኃይለ ኢየሱስ ከመጋረጃው ጀርባ ቤቱን ገጣጠመ። መድረኩ ጠባብ ስለነበር የኋላውን ግድግዳ ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ከምድጃው እንጨት ሥር እሳት እንዲመስል ቀይ አምፖል አስገብቷል፤ አምፖሏ ግን ብልጭ ድርግም ትላለች። ሊያስተካክላት ገባና እንደ ለመደው በሩን ከኋላው ዘጋ። ሽቦውን እያጠበቀ ሳለ፣ የመጀመሪያው ዕጣ ለእነሱ ወጥቶ ኖሮ ደወል ተደወለ። ቀጥሎም መጋረጃው ሲሳብ ሰማ።

በመስኮቷ አጮልቆ ሲያይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቤቱ ላይ አፍጧል። ከሰዎቹ መሐል አንዱ፣ ባለቤቶቹ የሉም እንዴ፣ ቆልፈው ሄደዋል አለ፤ ሳቅ ሆነ። ወደ ጎን ሲያይ መምህር ታዲዮስ ከመጋረጃው ጥግ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ለካስ አራተኛው ግድግዳ ሰዎቹ ራሳቸው ኖረዋል! ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። መውጫው አንድ በር ነው፤ በሩም ሰው ፊት ነው። ልጄን አዋረድኳት ብሎ፣ የለበሰውን የሱፍ ባና ተከናንቦ ከምድጃው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ዝርፍጥ አለ።

ቀጥሎ የእግር ኮቴ ተሰማ። ትሕትና ነበረች። በሩን ልትከፍት አልሞከረችም፤ ከገባች ማን ያያታል? ደጃፉ ላይ እንደ መንዝ ሰው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና፣ ይህ ሁሉ ብርድ ሳለ ትንሽ ፀሐይ ወጣች፣ ልሙቃት እንጂ አለች። ይህ ከጽሑፉ ውስጥ የለም። ኸይረዲንም ሊገባ ሲል ደጁ ላይ አገደችው። እሳት ዳር ሊጣሉ የነበሩት ልጆች ደጅ ተጣሉ፤ ደግሞስ የርስት ጠብ ደጅ ካልሆነ የት ያምራል? የሳቀው አዳራሽ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ጀመር።

ኃይለ ኢየሱስ ከጨርቁ ወዲያ የልጁን ድምፅ ይሰማል። ወንድምየው ቤቱ ለእኔ ይገባል አላት።

«አባታችን ለሰው ሁሉ ቤት ሠራ» አለች፤ «እኛ ቤት የዋለበትን ቀን ቁጠሪ ብትለኝ የአንድ እጄ ጣት ይበቃኛል። እኔ ቤቱን አልነበረም የፈለግሁት።»

ይህም ከጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ሦስት ጊዜ ያነበበው ሰው ያውቃል። የተውኔቱ አባት ግንበኛ አልነበረም። ኃይለ ኢየሱስ ባናውን እስከ አገጩ ሳበና በጫፉ ዓይኑን ጠረገ። እሱ ከአንድ ክንድ ርቀት ቁጭ ብሎ እንደሚሰማት አታውቅም።

በመጨረሻ እህትና ወንድም ይታረቃሉ፤ እሷም ቤቱን ትከፍትለታለች። ትሕትና ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ቀዩ አምፖል በርቷል። ከምድጃው አጠገብ ባና የለበሰ፣ ዓይኑ የቀላ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የሞተው አባት እሳት ሲሞቅ የታየው የአዳራሹ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ኸይረዲን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ትሕትና አባቷን አየችው፤ ሁሉንም እንደ ሰማ ከፊቱ አወቀች። ግን አልተደናገረችም።

«ግባ ወንድሜ» አለች፤ «አባባ ዛሬ ቤት ናቸው።»

ኃይለ ኢየሱስ ምን ያድርግ? ቴያትር አያውቅም። እንግዳ ሲገባበት የሚያደርገውን አደረገ፤ ብድግ አለና በርጩማውን ለልጁ ለቀቀላት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼው ነው።

ዳኞቹ የሞተውን አባት እስከ መጨረሻው ግድግዳ ጀርባ ደብቆ ማቆየት የረቀቀ ሐሳብ ነው ሲሉ፣ መምህር ታዲዮስ ላቡን እየጠረገ ብዙ አስበንበታል አላቸው። ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ የወጡት ባለ ሦስት ግድግዳዎቹ ናቸው፤ እነሱን ብርድ ይፍረድባቸው። ሲመለሱ አባትና ልጅ አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ባናውም ለሁለት ነበር።

በሳምንቱ አጎራባቿ ከተማ ሞላሌ ላይ እንዲያሳዩ ተጠሩና መምህሩ አዲስ ንድፍ አዘዘ። አሁን አላፈረም፤ እያንዳንዷ መስመር ስትሰመር በጣቱ እየነካ ምን እንደሆነች ጠየቀ። ኃይለ ኢየሱስ አራቱንም ግድግዳ አሰመረ፤ በሩን፣ መስኮቷን፣ ምድጃዋንም አስገባ። ከምድጃዋ አጠገብ አንዲት ትንሽ ክብ ጨመረ። ትሕትና ከትከሻው በላይ እያየች ይቺ ደግሞ ምንድን ናት ብትለው፣ እርሳሱን በምራቁ አርሶ ከክቧ ሥር «አባት» ብሎ ጻፈባት። ከዚያም የጀመረውን የሰው ግድግዳ እስከ ሰኞ እንዲታገሡት፣ ከልጁ ጋር ሞላሌ እንደሚሄድ ለአሠሪው ላከበት።