ማርሚታ የሌላት መኪና

ደበላ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ የማይነሳ ሰው ነበር። ሌላው ይህን ሲያነሳ ለምስጋና ነው፤ ሚስቱ ሾዴ ግን እንደ ስድብ ነበር የምትወረውርበት። ጉለሌ ውስጥ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለው የቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ የመኳንንት መኪና ሲጠግን ነው የኖረው። ጦርነቱ መጣና መኳንንቱ ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ ተሰደዱ። መኪኖቻቸው ግን የትም አልሄዱም፤ በየገደሉና በየበረቱ ወድቀው ዶሮ እንቁላል ይጥልባቸው ነበር።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ የሾዴ ወንድም ዱጉማ ጫካ ሊገባ ተነሳ። ሾዴም «ተነስ፣ አብረን እንሂድ» አለችው ባሏን። ደበላ አንድ ሞተር አፈታትቶ ብረቱን መሬት ላይ ዘርግቶ ነበር። «ይቺን ልግጠምና እከተልሻለሁ» አላት። ሾዴ የተዘረጋውን ብረት አየች፣ እሱን አየች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሞተሩ በሦስተኛው ቀን ተገጠመ። ያኔ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ እሷም የት እንደገባች የሚነግረው ሰው አልተገኘም።

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ሽሮ ሲሠራ ዛሬም የሁለት ሰው ይሠራል፤ የአንድ ሰው ልክ እጁ አልለምድ ብሎታል። ጎረቤቱም ርቆታል። የጣሊያን መኪና ሠሪ ነው ተብሎ ቤቱ እሳት ሊጭር የሚመጣ ከቀረ ቆየ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያልፋሉ። አንድ ክረምት ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ጥሎት ሲንቀጠቀጥ ደጁን የመታ ፍየል ብቻ ነው። ከሰው ጋር ሳይነጋገር ውሎ ማደር ጀመረ። ሲብስበት ለብረቱ ያወራል።

የሚሠራቸው መኪኖች እንዲህ ናቸው። የወደቀ የመኳንንት መኪና ከገደል ያወጣና ጣሪያውን ይቆርጣል፣ ከጎማው በላይ ጭቃ የሚከለክለውን ፓራፋንጎ ይነቅላል፣ ወገቡን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል። የከባድ መኪና ሞተር ይገጥምበታል። በመጨረሻም ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አውጥቶ ይጥላል፤ ያኔ መኪናይቱ ከሩቅ ታገሣለች። በሰንበት አስፋልት ላይ መሽቀዳደም የሚወዱ ወጣት ጣሊያኖች ለዚህች ግሣት ይሞታሉ። ሁለት ሸጧል፤ ሦስተኛዋን አንድ ሲኞር ሰኞ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዞ፣ የቆዳ ቆቡንና የአቧራ መነጽሩን ወንበሯ ላይ ትቶ ሄዷል።

ሐሙስ ዕለት ጀዊሪያ መጣች። ከሱሉልታ ቅቤ እያመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ጣሊያንም አርበኛም ቅቤ ስለሚበላ ሁለቱም ያሳልፏታል። ቅሏን አውርዳ ግራ ቀኝ አየችና «ሾዴ በሕይወት አለች» አለችው።

መፍቻው ከደበላ እጅ ወደቀ።

«ስማኝ እንጂ፣ አትደንግጥ! ቅዳሜ ከነወንድሟ ትወርዳለች። ከሸጎሌ ወዲያ ያለውን ትልቁን ዝግባ ታውቀው የለ? ፀሐይ አናት እስክትሆን ትጠብቅሃለች። ከመጣህ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ካልመጣህ እነሱ ወደ ጎጃም ሊሻገሩ ነው፣ ተመልሳም አትመጣም። በቃ፣ ይኸው ነው መልእክቱ።»

«እመጣለሁ በያት» አለ ደበላ። «ዛሬውኑ ብሄድስ?»

«ዛሬ ሄደህ ዛፉን ልታቅፍ ነው?» ብላ ሳቀችበት።

አርብ ቀን ልብሱን አጠበ፤ ጥቂት መፍቻም በከረጢት ቋጠረ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣለ። በእግር ሦስት ሰዓት ቢፈጅበት ነው፤ በገበያተኛው መሐል በሸለቆው አቆራርጦ የጣሊያንን ኬላ ማምለጥ ይችላል። በር ላይ ሲደርስ ግን ለስንብት ያህል መኪናይቱን አስነሳት። ባያስነሳት ምን ነበረበት! ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው አንዱ ካንዴላ እሳቱን እየሳተ ሞተሯ ያነክሳል።

ጫካ ሊገባ፣ ጣሊያንን ሊወጋ የተነሳ ሰው፣ ‹ሰኞ ሲኞሩ ሲያስነሳት ብታነክስበት ምን ይለኛል?› ብሎ ተጨነቀ። ከረጢቱን አወረደ። ካንዴላውን አውጥቶ ጠረገና መለሰው፤ አሁንም ታነክሳለች። የቤንዚኑን መንገድ ፈታ። ትንሽ ናት፣ አሁን ታልቃለች እያለ አጎንብሶ ሲውል አንገቱን የሚያቃጥለው ነገር ምን እንደሆነ ልብ አላለም። ሞተሯ በመጨረሻ ሳይሰናከል ሲዞር ፈገግ ብሎ ቀና አለ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ልትሆን ምንም አልቀራት።

በእግር ከእንግዲህ አይደረስም። ደበላ ዘሎ መኪናይቱ ላይ ወጣ። የፊት መስታወት የላትምና አቧራው እንዳያሳውረው የሲኞሩን መነጽር አደረገ፤ ቆቡንም ደፋ። ዳገቱን ስትወጣ ግሣቷ ሸለቆውን ሞላው። ኬላው ላይ ያለው ዘበኛ ድምፁን ሰምቶ ገና ከሩቅ ገመዱን ጣለለትና ሰላምታ ሰጠው። ደበላም እጁን አነሳለት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ መንገድ ላይ ሰላም ያለው የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ነው። ደስ አለው። ‹ዕድሜህን ሙሉ የሰው መኪና ስትሠራ ትኖራለህ› እያለች ትነዘንዘው የነበረችውን ሾዴን ዛሬ በመኪና ሊወስዳት ነው! ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ራሱም አልሰማውም።

ዝግባው ታየው። ከሥሩ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ቆመው ነበር። ወዲያው ሦስቱ ከጀርባው ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ሮጡ። አንዷ ቀረች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ወደ ታች ወደ እግር መንገዱ እያየች ቆመች። ቀሚሷን አያያዟን የትም ያውቀዋል።

«ሾዴ! እኔ ነኝ! ሾዴ!»

የመኪናይቱ ግሣት ውጦት አፉ ሲከፈት እንጂ ድምፁ ሲወጣ አልተሰማም። ከሮጡት አንዱ ተመልሶ ክንዷን ያዘና እየጎተተ ወሰዳት። ደበላ ዛፉ ሥር ደርሶ ሞተሩን አጠፋ፤ ቆቡንና መነጽሩን አውልቆ ወረወረ። እየጮኸ ጫካው ውስጥ ገባ፣ እሾህ ቧጨረው፣ ድምፁ እስኪዘጋ ስሟን ተጣራ። የሚመልስ አልነበረም። ጣሊያን ነው ብለው የሸሹትን ሰዎች ጣሊያን አይደለሁም ብሎ በምን እግሩ ይድረስባቸው? እስከ ማታ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ማንም አልመጣም፤ ሲመሽ ቆቡንና መነጽሩን ለቅሞ መኪናይቱን ወደ ቤት ነዳት።

ሰኞ ሲኞሩ መጥቶ መኪናይቱን አስነሳ። ጆሮውን አቆመ፣ ሞተሯ ምንም እንከን የለውም። የደበላን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ነድቷት ሄደ።

ጀዊሪያ ብቅ ያለችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ገና ከደጅ «እንኳንም ቀረህ!» አለችው። «እንኳንም አልሄድክ ወንድሜ! ጣሊያን እዛፉ ድረስ መጥቶባቸው ነበር አሉ። አንዱ መነጽራም፣ በምታገሣ መኪና።»

ደበላ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሁሉም ሲሮጡ ሾዴ እንቢ አለች። ‹ደበላ አሁን ይመጣል፤ ዘው ብሎ ጣሊያኑ እጅ ላይ ሊወድቅ ነው፣ ማን ይነግረዋል?› እያለች ዱጉማ ጎትቶ ነው የወሰዳት። አሁንማ ዓባይን ተሻገሩ። ‹አልተቀየምኩትም በይው፤ መንገድ ዘግተውበት ነው› ብላለች።»

«አዎ» አለ ደበላ፣ «ዘግተውብኝ ነው።»

ጀዊሪያ ቅሏን አንስታ ለመሄድ ተነሳች። «አላህ ነው ያተረፈህ» አለችው።

ደበላም «አሜን» አለ።