ከወይራው ጉቶ ሥር

አረጋ ከጉቶ ጋር ከተጣላ ሰነበተ። ጠቡ የሰው ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀው ነበር፤ ወይራ ግን ሽማግሌ አይሰማም። ጠዋት ዶማውንና ምሳሩን ይዞ ወደ ጓሮ ይዞራል፤ ሲመሽ መዳፉ ተልጦ፣ ወገቡን ይዞ፣ ጉቶውን እየተራገመ ይገባል። የገበሬ ማህበሩ መጋዘን የሚቆመው እዚያ ጓሮ ላይ ነው ተብሏል። ዛፉን ቆርጠው ግንዱን ለምሰሶ ወስደውታል። ጉቶው ግን የመሠረቱ ገመድ በተወጠረበት መሀል ለመሀል ተጎልቶ አልነቀል አለ።

ሚስቱ ወለተ ሐና ቀኑን ሙሉ የምሳሩን ድምፅ እየሰማች ትውላለች። ምሳሩ ባረፈ ቁጥር ሆዷ ላይ ያረፈ ይመስላታል። ከባሏ ይልቅ ለጉቶ ያደላች፣ “ማርያም ሆይ፣ እንዳይነቀልለት” ብላ የምትለምን ሴት በዚያ አገር ከእሷ ሌላ የለችም። ምክንያቱን የሚያውቁት እሷና እግዜር ብቻ ናቸው። ከዚያ ጉቶ ሥር ልጇ ብርቅዬ አለች።

ነገሩ የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ያመጣው ነው። አረጋ ስንዴ ይታደላል ሲባል ሰምቶ ወደ ወልድያ ወርዶ ነበር። እሱ በሌለበት ልጅቱ አንድ ጠዋት ውሃ ጠየቀች፤ ውሃው ሳይደርስላት አረፈች። የገነተ ማርያም ደብር ከደጃቸው ፊት ለፊት ይታያል፤ አንድ ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነው። ደህና ቀን ቢሆን የቀብር እድሩ፣ ቅሬው፣ ጥሩንባ አስነፍቶ፣ ወንዱ ተሸክሞ፣ ሴቱ እያለቀሰ ይሸኛት ነበር። ያን ጊዜ ግን ቅሬ የት አለና! ቀባሪውም ተቀባሪውም አንድ ላይ ወድቋል። ወለተ ሐና ልጇን አቅፋ እስከ አጥሩ ደረሰች፤ ጉልበቷ ከዚያ አላለፈም። ወይራው ሥር በቁልቁለቱ በኩል ጃርት የማሰው ጉድጓድ ነበር። ነጠላዋን ለሁለት ቀደደችው፣ በግማሹ ገነዘቻትና እዚያ አስገባቻት። ጅብ እንዳያወጣት በሥሮቹ መሀል ድንጋይ ጠቀጠቀችበት። ቄስ የለ፣ ፍታት የለ፣ ለቅሶ እንኳ የለ። ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል።

አረጋ ሲመለስ ልጅቱን ከቤት አጣት፤ ስንዴውን ከትከሻው ሳያወርድ “የት አሳረፍሻት?” አላት። እሱ የቅሬው ዳኛ ነበር፤ ሰው ሳይሸኝ ተቀበረ ሲባል አንጀቱን የሚበላው ሰው። ለእንዲህ ያለ አባት ልጅህን በጃርት ጉድጓድ ወተፍኳት እንዴት ተብሎ ይነገራል? አፏ ቀደማት። “ማርያም” አለች። “አሳይኝ” አላት። ወርደው ከዚያ ሁሉ አዲስ አፈር መሀል አንዲት ትንሽ ክምር በጣቷ አሳየችው። አረጋ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ዙሪያዋን ድንጋይ ካበላት፣ አረሟን ነቀለላት፤ በየወሩ በማርያም ቀን ሲሳለም እሷ ዘንድ ቁጭ ብሎ ሳያለቅስ አይመለስም። ወለተ ሐናም ከአጠገቡ ሆና የማታውቀውን የሰው ልጅ አብራው ታለቅሳለች። ሆድ ይፍጀው ብላ እንዲህ ስትኖር ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።

ዛፉ ሊቆረጥ ነው የተባለ ዕለት ሊቀመንበሩ ታፈረ ዘንድ ሄዳ ለምናለች። “መጋዘኑን ትንሽ ፈቀቅ ብታደርጉት ምን አለበት? ጥላችን እኮ ነው።” ታፈረ ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ የታዘዘውን ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከክፉው ብዙም አይሻልም። “ገመዱን የወጠሩት ከአውራጃ የመጡ ጓዶች ናቸው፤ ለአንድ ወይራ ተብሎ ፕላን አይቀየርም” ብሎ መለሳት። ባሏ ስብሰባ በዋለበት ቀን ራሷ ቆፍራ ልታወጣት ሞከረች። ያኔ የጠቀጠቀችው ድንጋይ ከሥሩ ጋር ተጋጥሞ ንቅንቅ አልል አለ። ጥፍሯ ደምቶ ተመለሰች።

ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ አረጋ፣ “በቃኝ፣ በእሳት ነው የምጨርሰው” አለ። እምቢ ያለ ጉቶ በዚያ አገር የሚሸነፈው እንዲያ ነው፤ ኩበት ተደርድሮበት እሳቱ ሳይነድ እየጨሰ ውስጥ ውስጡን እስከ ሥሩ ይበላዋል። ወለተ ሐና ብድግ አለች።

“እሳት አታግባበት! ቤታችን ሣር ነው፣ ነፋሱን አታየውም?”

ሰበቡ ደህና ሰበብ ነበር። አረጋ አሰበና “ይሁን፣ እንግዲያው ሰው እጠራለሁ” አለ። ልጇን ከእሳት አዳነች፣ ለዶማ ግን ሰጠቻት። አሁን ልንገረው ብላ አፏን ስትከፍት እሱ ቀደም ብሎ፣ ፊቱ በራ ብሎ፣ “ከነቀልነው ከሥሩ አንድ ጉማጅ እወስዳለሁ። ለብርቅዬ መቃብር መስቀል እጠርብላታለሁ” አላት። አፏን መልሳ ዘጋች።

በማግሥቱ ጎረቤት ተሰበሰበ። በሬዎቹ በክፉው ቀን ስላለቁ ጉቶው ላይ የታሰረውን ጠፍር የሚስቡት ሰዎች ናቸው። ሸማኔው አባስ፣ ከታች ከመንገድ ዳሯ ከተማ መጥቶ እዚያው የከረመ እስላም ጎረቤታቸው፣ ጉድጓድ ገብቶ ሥሩን ከበታች ይቆርጣል። “በሉ ሳቡ! አይዞህ ላስታ!” ይላል አረጋ። ጠፍሩ ተንጣጣ፣ አንድ ወፍራም ሥር ተበጠሰ፣ ጉቶው ከነአፈሩ ተገለበጠ። ሳቢዎቹ እርስ በርስ ተደራርበው ወደቁና ሳቃቸው አካባቢውን ሞላው። አረጋ ጉቶውን በእግሩ ረግጦ “ማን አሸነፈ?” አለው።

አባስ ግን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳጎነበሰ ቀረ።

“ቢስሚላህ” አለ ቀስ ብሎ። “አጥንት አለ እዚህ።”

ሥራውን ሊያይ የመጣው ታፈረ ቀርቦ አየና “የጃርት ጉድጓድ ነው፣ ጃርት ያግበሰበሰው ነው። በአካፋ ዝቃችሁ ወደ ገደሉ ልቀቁት። ነገ የመሠረት ድንጋይ ይመጣል” አለ።

“ኧረ ጓድ ታፈረ፣ ጨርቅ አለበት እኮ” አለ አባስ።

“በዚያ ዘመን ያልወደቀ ማን አለ? የማን ጓሮ አጥንት የለውም? ዛቁት ብያለሁ!”

አንዱ አካፋ አነሳ።

ዝም ብትል ኑሮዋ ይተርፋል፤ ወለተ ሐና ይህን አሳምራ ታውቃለች። አንድ አካፋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ አይኖርም። አረጋ መቃብሩን ይዞ ይኖራል፣ እሷም አረጋን ይዛ ትኖራለች።

“ተዉ!” ብላ ጮኸች። ጩኸቱ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲዞር ነው። “ልጄ ናት!”

አረጋ መጀመሪያ አልገባውም። የታመመ ሰው እንደሚያባብል ድምፁን አለስልሶ “የኛ ልጅማ ማርያም ናት፣ አንቺ” አላት።

“እዚህ ናት። አቅም አጣሁ አረጋ። አጥሩን ማለፍ አቃተኝ።”

“ማርያም ናት! ራስሽ አይደለሽ ያሳየሽኝ?”

“ዋሸሁህ።”

አረጋ ጉድጓዱን አየ፣ የነጠላዋን ቁራጭ አየ፣ እሷን አየ።

“ታዲያ እዚያ ሳለቅስላት የኖርኩት ማን ናት?”

“አላውቃትም” አለች።

አረጋ ዶማውን ጥሎ ሄደ። ማንም አልተከተለውም። ታፈረም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወርደው ትእዛዝ አጣ። አባስ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና አፈር ላይ ዘረጋው፤ ትንንሾቹን አጥንቶች ለቅሞ ሲጨርስ ጠቅልሎ ለእናቲቱ ሰጣት። “አብሽሪ እህቴ፣ እኔም እሸኛታለሁ” አላት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከኋላ ተከተሉ። ሸለቆውን ወርደው ወጡ፤ ቄሱ ፈቷት። ጉድጓዷ የተቆፈረው ከዚያችኛዋ ክምር ጎን ነበር። አረጋ ሲመጣ ከሁለቱ መሀል ይቀመጣል ብላ ቦታውን የመረጠችው ወለተ ሐና ናት።

አረጋ በቀብሩ ላይ አልተገኘም። ቂም ይዞ ነው ተባለና ሽማግሌ ተላከበት። “ምን ቂም አለ፤ ክፉ ቀን ነው፣ ይቅር ብያታለሁ” አላቸው፤ የእውነቱን ነበር። ቤቱ ተመለሰ፣ ከማዕዷ ቆረሰ፣ መጋዘኑንም ከሰው ጋር ሠራ።

የማርያም ዕለት አብረው ወረዱ። ተሳልመው ሲያበቁ አረጋ የብርቅዬ አዲስ አፈር ፊት ቆመ። ነጠላውን አደገደገ፣ “ልጄ” ብሎ ጀመረ። ድምፁ እዚያው ላይ ተቋረጠ። እንደገና ሞከረ፤ እንባው እምቢ አለው። ብዙ ከቆመ በኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ ራሱ ድንጋይ ከካበላት ከዚያች ስሟን እንኳ ከማያውቀው ሕፃን ዘንድ ተቀመጠ፤ ያኔ እንባው ወረደ። ወለተ ሐና ይምጣ ብላ ጠበቀችው። አልመጣም። ጀርባውን እያየች ብርቅዬን ብቻዋን አለቀሰቻት።