ለኢንስፔክተሩ የተዘጋጀው ስህተት

መምህርቷ ባለቀለሙን ወረቀት ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ አጠፈችና እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ዳጠችው። ከዚያ ዘርግታ በመቀስ ቆረጠችው። ክፍሉ ባዶ ነው። የተሰበረው የመስኮት መስታወት በካርቶን ተሸፍኗል፤ ካርቶኑ ላይ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ስለተለጠፈበት ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

ርዕሰ መምህሩ ሳያንኳኩ ገቡ። አንገታቸው ላይ ፊሽካ ስለማይጠፋ ተማሪዎቹ «ፊሽካው» ይሏቸዋል። መምህራኑም ይሏቸዋል፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«ስህተቱ ተዘጋጀ?» አሏት።

«ተዘጋጅቷል ጋሼ።»

«አይከሽፍም?»

«ትናንትም ተለማምደነዋል። በጣም አሳማኝ ነው።»

«እንዲያው አደራሽን የኔ ልጅ።» ፊሽካቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው ወጡ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ኢንስፔክተሩ የትምህርት ቤቱን ጥራት ሊመዝኑ መጥተው ሦስተኛ ክፍል ገቡ። ሲወጡ «መምህሩ የተማሪን ስህተት በአክብሮት ያርማል» ለሚለው መስፈርት ዜሮ ሰጡ። ምክንያቱም የተሳሳተ ተማሪ አልነበረም። የያኔው መምህር ልጆቹን አንዲት ትምህርት ብቻ ሲያስጠናቸው ስለከረመ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን እንደ መዝሙር ያወጡት ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ያልተሳሳተ ልጅ እንዴት ይታረማል?» ብለው ቢከራከሩ፣ «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው» ተባሉ። መምህሩ ተነሳ፤ በቦታው ይህች ወጣት ተተካች።

የሙከራ ዓመቷ ሊያልቅ ነው። የዛሬው ክፍለ ጊዜ «ጥሩ» ከተባለ ቋሚ ትሆናለች። ካልተባለ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ነው፤ እናቷ ደግሞ «ምናለ የጽሕፈት ሥራ ተምረሽ ቢሆን» ማለታቸውን ገና አልጨረሱም።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ የሚሳሳት ተማሪ አስፈለገ። መምህርቷ መጀመሪያ ያሰበችው ከኋላ የሚቀመጠውን ልጅ ነበር። ማንኛውንም ጥያቄ «ስድስት» ብሎ ስለሚመልስ ስሙ ራሱ ስድስት ሆኗል። የዓሣ መተንፈሻ ምን ይባላል ሲባልም ስድስት ብሏል። ርዕሰ መምህሩ ግን አልተቀበሏትም።

«በደካማ ልጅ እንዳትተማመኚ» አሉ። «ዕድሜ ልኩን ሲሳሳት ይኖርና የተፈለገ ዕለት ትክክሉን ይመልስልሻል። ስህተት የሚሰጠው ለጎበዝ ነው።»

ጎበዟ የታወቀች ናት። የክፍሉ ልጆች «ዳኛዋ» ይሏታል። ሁለት ሰው ሲጣላ ማን እንደጀመረው፣ ሳንቲም ሲወድቅ ከማን ኪስ እንደወደቀ የምትፈርደው እሷ ናት። መምህርቷ በዕረፍት ሰዓት ለብቻዋ ጠርታ ስትነግራት ዳኛዋ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«እያወቅኩ ልሳሳት?»

«አንዴ ብቻ። አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል ስልሽ፣ አንድ ስምንተኛ ትያለሽ።»

«ለምን ብዬ?»

«ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ ብለሽ።»

ዳኛዋ አሰበችበት። «እንደሱ የሚያስብ ሰው አለ?»

«ብዙ።»

«ያሳዝናሉ» አለችና ተስማማች።

ከተስማማች በኋላ ግን ሥራዋን አከበረችው። ጭንቅላቷን ማከክ፣ ጣሪያውን ማየት፣ ከንፈሯን መንከስ ጨመረችበት። መምህርቷ በበኩሏ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ጥሩ ሙከራ ነው። ስለሞከርሽ እናመሰግናለን። እስቲ አብረን እንየው» ትላለች። በዚህ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭባል። ልጆቹ ከትምህርቱ ሁሉ ጭብጨባውን ወደዱት። በልምምዱ ገና ዳኛዋ ጭንቅላቷን ማከክ ስትጀምር የሚያጨበጭቡ ነበሩ።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ገብተው ከወትሮው በተለየ ጸጥታ ተቀመጡ። ቀጥሎ ኢንስፔክተሩ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ እስከ መጨረሻው የተቆለፈ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ርዕሰ መምህሩ። ከሳቸው ኋላ ደግሞ ያልተጠበቀ ሰው፦ የዳኛዋ አባት።

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ፀጉሩ ተቆርጦ እስኪያልቅ የሚሰማው ወሬ አንድ ብቻ ነው፦ ልጁ ከተወለደች ጀምሮ አንድም ጥያቄ ተሳስታ እንደማታውቅ። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይከራከርም።

«የወላጆች ተወካይም ቢገኙ ብዬ ነው» አሉ ኢንስፔክተሩ። «መንገድ ላይ አገኘኋቸው።»

«ሥራዬን ዘግቼ ነው የመጣሁት» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከኋላ ለልጅ የተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ተቀምጦ። «አንዱን ደንበኛዬን ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭቼ ትቼው ነው የመጣሁ። ግዴለም ይጠብቃል።»

መምህርቷ ዳኛዋን አየቻት። ዳኛዋ አባቷን አየች። አባቷ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳያት። 

ትምህርቱ ተጀመረ። ወረቀቱ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ተቆረጠ፤ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ኢንስፔክተሩ ይጽፋሉ። ሰዓቱ ደረሰና መምህርቷ እየፈራች ጠየቀች።

«አንድ አራተኛና አንድ ስምንተኛ፣ የቱ ይበልጣል?» ጣቷ ወደ ዳኛዋ ሄደ።

ዳኛዋ ተነሳች። ጭንቅላቷን አከከች። ጣሪያውን አየች። ሁለት ሦስት እጆች ለጭብጨባ ተዘጋጁ። ከኋላ ፀጉር አስተካካዩ ለኢንስፔክተሩ በሹክሹክታ «የኔ ናት» ሲል ክፍሉ ሁሉ ሰማው።

ዳኛዋ እጇን ከጭንቅላቷ አወረደች።

«አንድ አራተኛ» አለችና ዐይኗን ወደ ወለሉ ጥላ ተቀመጠች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለቻት መምህርቷ።

«ይቅርታ ቲቸር። እርግጠኛ ነኝ።»

የተዘረጉት እጆች አየር ላይ ቀሩ። ርዕሰ መምህሩ ፊሽካቸውን በጥርሳቸው ነከሱ። መምህርቷ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሌላ ሐሳብ ያለው? የተለየ?» ብላ ብትጠይቅ ማን ይኑረው፤ ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ በግልጽ ተለጥፏል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የቀራት አንድ ሰው ነበር።

«ስድስት» አለችው። «አንተስ? የቱ ይበልጣል?»

ስድስት ተነሳ። ሱሪውን ወደ ላይ ሳበ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ መልሱን ጠበቀ፤ ሁሉም የሚያውቀውን መልስ።

«አንድ አራተኛ ነው የሚበልጠው» አለ ስድስት። «እኛ ቤት ስምንት ነን። ጎረቤቶቻችን አራት ናቸው። ብርድ ልብሱ አንድ ዓይነት ነው፣ ግን እነሱን ይሸፍናቸዋል።»

 ቀጥሎ ጓደኞቹ ወንበሩን እየደበደቡ ጮኹ፤ አንዱማ ጭንቅላቱን ሳመው። መምህርቷ ልቧ በደስታ ሞላ፣ በዚያው ፍጥነት ደግሞ ተሰበረ። «ጎበዝ» አለችው፣ ለቅሶ ቤት በሚባልበት ድምፅ።

ኢንስፔክተሩ መጻፋቸውን አቆሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልምምዱ ጥሩ ነው» አሉ። «በጣም ጥሩ ነው። አምናም እንዲሁ ነበር።» ብድግ ብለው ወደ ፊት መጡ። «እስቲ አሁን እኔ ከልምምዱ ውጭ ልጠይቅ። አንድ ገመድ አለ። አራት እኩል ቦታ ልንቆራርጠው ፈለግን። ስንት ጊዜ እንቆርጣለን?»

ዳኛዋ እጇን አወጣች። «ሦስት ጊዜ።»

ኢንስፔክተሩ ፈገግ አሉ። ከገቡ ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነው። «አዩ! ከተጠናው አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ ይሄው። አራት ቁራጭ ከፈለግን አራት ጊዜ ነው የምንቆርጠው።»

ፀጉር አስተካካዩ ከትንሿ ወንበር ሊነሳ ሞክሮ ወንበሯ አብራው ተነሳች። ፊቱ አመድ መሰለ። «የኔ ልጅ... ተሳሳተች?» አለ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ።

መምህርቷ ሦስት መሆኑን ታውቃለች። ከኢንስፔክተሩ ጀርባ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ራሳቸውን ግራና ቀኝ እየወዘወዙ «እንዳትተነፍሺ» ይሏታል። እንጀራዋ በአንድ በኩል፣ ሦስት ቁጥር በሌላ በኩል። አፏን ከፈተች።

ዳኛዋ ግን ቀደመቻት። ተነስታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ድምፅዋን ልክ እንደ መምህርቷ አለሰለሰችው።

«ጥሩ ሙከራ ነው» አለቻቸው ኢንስፔክተሩን። «ስለሞከሩ እናመሰግናለን። እስቲ አብረን እንየው።»

ልጆቹ ይሄን ነበር የጠበቁት። ታፍኖ የቆየው ጭብጨባ እንደ ድንገተኛ ዝናብ ወረደ። ስድስት በእግሩም ጨመረበት። ርዕሰ መምህሩ የነከሱት ፊሽካ ሳያስቡት ሲር አለ።

ኢንስፔክተሩ ጆሯቸው ቀላ። «አብረን እንየዋ!» አሉ። «ገመድ ያለው አለ?»

ከመጨረሻው መስመር አንዲት ረጅም ልጅ የመዝለያ ገመዷን ከቦርሳዋ በግድ አወጣች። «ለማሳየት ብቻ ነው አይደል?»

«ማጠፍ ይበቃናል» አለች መምህርቷ።

«የለም፣ ይቆረጥ» አሉ ኢንስፔክተሩ። መቀሱን ከጠረጴዛው አንስተው ገመዱን በእኩል ለክተው ቆረጡ። ልጆቹ «አንድ!» አሉ። እንደገና ቆረጡ። «ሁለት!» ደግመው ቆረጡ። «ሦስት!» መቀሱ አራተኛውን ሊቆርጥ አፉን ከፈተ። ኢንስፔክተሩ በእጃቸው የቀረውን ቁራጭ አዩ፤ መሬት ላይ የወደቁትን ሦስቱን አዩ። መቀሱ እንደተከፈተ ቆየ።

ማንም አልሳቀም። መምህርቷ በኋላ ስታስበው ያኮራት ይሄ ነበር። ቀስ ብላ አጠገባቸው ቆመች።

«ሁላችንም ቁራጩን ነው የምንቆጥረው» አለች ለልጆቹ። «ቁራጩ ይታያላ። የመጨረሻው ቁራጭ ግን ሌላ መቁረጥ ሳይፈልግ በራሱ ይቀራል። እኔም ልጅ እያለሁ አራት ነበር የምል። ጌታዬ፣ ሰው የት ላይ እንደሚሳሳት ስላሳዩን እናመሰግናለን።»

ጭብጨባው ተደገመ። በዚህ መሃል ረጅሟ ልጅ ገመዷ ምን እንደሆነ ገባትና ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሩ መቀሱን አስቀምጠው፣ መሀረባቸውን ሰጥተዋት፣ ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ።

ፀጉር አስተካካዩ ልጁን አንስቶ ካዞራት በኋላ ወደ ግማሽ ጭንቅላቱ ደንበኛው ሮጠ። ድምፁ ከአጥር ማዶ ይሰማ ነበር። «ኢንስፔክተሩን ነው ያረመቻቸው! አንገትህን ቀና አድርግ እንጂ!»

በዕረፍት ሰዓት መምህርቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የገመዱን ቁራጮች ስትቀጥል ርዕሰ መምህሩ መጡ። ፊታቸው አይነበብም። በሩን ዘጉ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት አሉ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ያስታውቃል ጌታዬ፣ አልኳቸው። ምን ልበል?» ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ከዚያ ሻይ ጠየቁ። ሻዩን እያማሰሉ፣ 'ያቺ መምህርት ስታርመኝ አላፈርኩም' አሉኝ። 'በሥራ ዘመኔ ታርሜ አላውቅም ነበር፤ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ቀደም ብዬ እሳሳት ነበር።'»

«እና?»

«እና ሙሉ ነጥብ። ቋሚ ነሽ። እናትሽን ደውለሽ አስደስቻቸው።»

ገመዱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ርዕሰ መምህሩ ያላዩ መስለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን የጉበት ሥዕል ሲመረምሩ ቆዩ።

በሩ ትንሽ ተከፈተ። የዳኛዋ ራስ ብቅ አለ።

«ቲቸር፣ ቃሌን አፍርሻለሁ። ስህተቴ አልወጣም።»

«ግዴለም። አያስፈልግም አሁን።»

«ለሌላ ጊዜ ላቆየው?»

«እንዳታቆዪው» አለች መምህርቷ እየሳቀች። «ሲመጣ በራሱ ይምጣ። ያኔ አብረን እናየዋለን።»

ዳኛዋ ፍርዱን መዘነችና ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

መምህርቷ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሷ አጠበቀች። ገመዱን ከወንበሩ እግር አያይዛ ሳበችው፤ ያዘ። ትንሽ አጥሯል፣ ግን ያዘልላል። ጠቅልላ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።