በቅሎ ያስነጠሰ ምንጭ

ደባሱ ምንጩን ለማውጣት ስምንት ወር ቆፍሯል። ውሃው ሲወጣ ግን ያለ እሳት ይንተከተካል፤ ሲቀምሱትም ምላስ ይቆነጥጣል። በመንደሩ ለአዲስ ውሃ ፈራጅዋ በቅሎ ናት፤ እሷ የናቀችውን ውሃ ሰው አይጠጣም። ዛሬ የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ በቅሎ ቀረበች። አፍንጫዋን ወደ ባልዲው ሰደደች፣ አነጠሰች፣ ራሷን ነቅንቃ አፈገፈገች።

«መርዝ ነው» አሉ መሪጌታ። «በድንጋይ ድፈኑት።»

ደባሱ አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የእህቱ ልጅ እየሩስ ግን ልቧ ዘለለ። ሃንጋሪ ኬሚስትሪ ተምራ ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው፤ ሻንጣዋን እንኳ ገና አልፈታችም።

«የኔታ፣ ጥቂት ይታገሱኝ። ያስነጠሳት ውሃው ውስጥ የሟሟው አየር ነው፤ እንደ አምቦ ውሃ። ሲወጣ አፍንጫ ይወጋል።»

«አየሩን በምን ልታወጪው?»

ሌላ ባልዲ አነሳች። ውሃውን ከፍ አድርጋ ከአንዱ ወደ ሌላው ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። አረፋው ተንጫጫ።

«ባሕር ተሻግረሽ የተማርሽው ውሃ ማገላበጥ ነው?» አለች ጎረቤታቸው ሰርክአዲስ። «ጠላ ስጠነስስ የኖርኩት እኔማ ፕሮፌሰር ነኛ።»

ሰው ሳቀ። እየሩስ ክንዷ ሲዝል ደባሱ ተቀበላት። ባይሆንስ? አለች እየሩስ በልቧ። አርባ ጊዜ ያህል ገለበጡት። ጫጫታው እየሳሳ ሄደና ጸጥ አለ። ጣቷን ነክራ ቀመሰች፤ ኮምጣጣነቱ ለዝቧል።

በቅሎዋ አሸተተች፣ ቆመች። ከዚያ አፏን ነክራ ባልዲውን እስከ ግማሽ ማገችው። ሰርክአዲስ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ደባሱ አካፋውን ጥሎ እየሩስን አቀፋት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቀላት ነበር። «የኔታ» አለች፣ «በቅሎዋ የመሰከረችው ስለ አየሩ ብቻ ነው። ከአለቱ የሟሟ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ደሴ ወስጄ ላስመርምረው፤ እስከዚያ ሰው አይጠጣው።»

መሪጌታ ትክ ብለው አዩዋት። «አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ። «ድንጋዩ ይቆይ።»

ደባሱ ከምንጩ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ክዳኑን አጠበቀ። ከታች የደሴው መኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ እሱና እየሩስ ቁልቁል ሮጡ። ጠርሙሱ በሩጫው ተንጦ፣ ፀሐይም አግኝቶት፣ በእየሩስ እጅ ውስጥ ጠጠረ።

«ጋሼ፣ ይንኩት እስቲ» አለች እየሳቀች፣ «አየሩ ሊያመልጠን እየታገለ ነው።»