ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መጽሐፍ

ብርቅዬ ደሟ ፈልቶ ነው ኮልፌ ቤቷ የገባችው። ለኮምፒውተሩ የጻፈችውን የሠራተኞች መዝገብ ፕሮግራም ማሽኑ ስህተት አለው ብሎ ሦስቴ መለሰባት። አለቃዋ አቶ ኃይለመስቀል ደግሞ «ነገ ካልሠራ ወደ ድሮው የታይፕ ሥራሽ ትመለሻለሽ!» አላት።

ማሽኑ ለራሱ ብቻ የያዛቸው ቃላት አሉ፤ ሰው አንዱን ለሌላ ነገር ስም ካደረገበት እምቢ ይላል። ዝርዝራቸው ከመሥሪያ ቤት ተውሳ ቤት ያስቀመጠችው የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ነው። መጽሐፉን ብታነሳው ሽፋኑ ብቻ ቀርቷል።

«እማዬ! ወረቀቱስ?»

«ለበዓል ግድግዳውን ለጠፍኩበት። ጋዜጣው አልበቃ አለኝ።»

«የመሥሪያ ቤት መጽሐፍ እኮ ነው!»

«ሥዕል እንኳን የለው፣ የሚነበብ መች መሰለኝ! ደግሞ አትደገፊው፣ ሙጫው አልደረቀም።»

ብርቅዬ እየተራገመች ግድግዳውን የጋረደውን የእናቷን አልጋ ጎትታ አራቀችው። ዝርዝሩ ተዘቅዝቆ ተለጥፏል። አንገቷን አጣማ ቃላቱን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች። የሠራተኛውን መለያ ቁጥር በእንግሊዝኛው «ነምበር» ብላ ነበር የሰየመችው። ያው ቃል ማሽኑ ለራሱ ከያዛቸው መሃል ተገትሮላታል።

«አገኘሽው?» አለች እናቷ።

«አገኘሁት! ስሙን እቀይረዋለሁ፣ ይሠራል። አለቃዬ መጽሐፉን ሲጠይቅ ግን መልሱን አንቺ ስጪው!»

«ይምጣና ያንብብ። በጫማው አልጋዬ ላይ እንዳይወጣ ብቻ።»