አራተኛው ማነው?

ሰፈሩ ቁልፍ ሠሪውን ማስተር ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ቁልፉ የጠፋበት፣ የተሰበረበት፣ ልጁ ከውስጥ የቆለፈበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ጠባብ ሱቅ ነው። ማስተር ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፍ አድርጎ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አስገብቶ፣ የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይከፍተዋል። እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ሚስቱን ስልክ መክፈት አቃተው። ለሙያተኛ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ትሠራለች። ድሮ ስልኳን የትም ጥላ ትረሳው ነበር፤ ፈልጎ የሚያገኝላትም እሱ ነበር። አሁን ግን ከእጇ አይለይም። ልብስ ስታጥብ እንኳ ኪሷ ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ በየምሽቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ነገር ትጽፋለች፤ ትንሽ ታየውና ታጠፋዋለች። ማስተር ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ቆጠረ፤ ስምንት ምሽት ጻፈች፣ ስምንት ምሽት አጠፋች። ለወንድሟ ቢሆን ትልከው ነበር። ተጽፎ የሚጠፋ ነገር ምን ሊሆን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለ በልቡ፣ እና መጠርጠሩን በትጋት ተያያዘው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበረም። ከተጋቡ ጀምሮ የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር መጣሽ፣ አሥር ደቂቃ ለምን ዘገየሽ የሚለው ከራት በፊት ይቀርባል። እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ በዚህም ይኮራል። በቅርቡ ደግሞ ሌባ በዝቷል ብሎ የቤቱን በር ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ ብቻ የሚከፈት አደረገው። በቀን ሃያ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ለቤቱ የቀረጸው አንድ ብቻ ነው። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ደጃፍ ቆማ ትጠብቀውና አብረው ይገባሉ። ጎረቤት ሲያያቸው ፍቅር ነው ይላል።

ሐሙስ ዕለት ሚስቱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ዞር አለች። ስልኩ ነዘረ። ማስተር አንገቱን አሰገገ። መስታወቱ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «አራተኛ፦ ደርሶኛል። በየትኛውም ሰዓት እመጣልሻለሁ።»

ደሙ ፈላ። አንድ ቢሆን እንኳ ሰው ነው፣ ይሳሳታል ይባላል። አራተኛ ከተባለ አንደኛው ማነው? ሁለተኛውስ? እንዳይምታቱባት ነው በቁጥር የያዘቻቸው? ሁለት ቀን ሙሉ እጁ ሥራ አልያዝ አለው። የፋርማሲውን ቁልፍ ሲቀርጽ ፋርማሲስቱን ጠረጠረ፤ የብረታ ብረት ነጋዴውን መጋዘን ሲከፍት ነጋዴውን ጠረጠረ፤ ጢሙን ተላጭቶ የመጣን ደንበኛ ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ መዘነው። ሰው ካላት ትሂድ ብሎ ወሰነ። ይህን የሚለው ግን አፉ ነው። የሚፈራው በትክክል እሱኑ ነው፤ እንዳትሄድበት። እሷ የሌለችበት ቤት ገብቶ ብቻውን መብራት ማብራትን ሊያስበው እንኳ አይፈልግም።

እሁድ ጠዋት ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ከፊቷ ቆመ።

«አራተኛው ማነው?» አላት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ልትነግረው እንደነበር፣ ቁጭ ብሎ ቢሰማት ሁሉንም እንደምታስረዳው ተናገረች። ማስተር «ልነግርህ ነበር» የሚል ሰው ነገሩ ትዝ የሚለው ሲያዝ ብቻ ነው ብሎ አሰበና ስልኩን ያዘ። እሷም በሁለት እጇ ያዘችው።

«እባክህ አትነቅንቀው» አለችው።

ከሁሉ ያበገነው ይህ ነው። አትቀማኝ አላለችም፤ አትነቅንቀው ነው ያለችው። እንቁላል ነው እንዴ? አንዴ ሳበው፣ ሁለቴ ሳበው፣ በሦስተኛው መነጨቀው።

ስልኩ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ያቺን ከምታህል ዕቃ ይወጣል ብሎ የሚያስብ የለም፤ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ማስተር ደንግጦ ጣለው። ወለል ላይ ወድቆም መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይጮሃል። ሚስቱ አንስታ ቁጥር ነካካችና ጸጥ አሰኘችው። ከዚያ ልብሱ ላይ ተቀምጣ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ ነገረችው። ከስፌት ቤቱ ሴቶች አንዷን መንገድ ላይ ሰው ተከታትሏት ነበር፤ ኃላፊዋ ይህን ፕሮግራም ሁሉም ስልካቸው ላይ እንዲጭኑት አደረገች። ሦስት ጊዜ ሲነቀነቅ ይጮሃል፤ አደጋ ላይ ነኝ የሚል መልእክትም ካለሽበት ቦታ ጋር ለመረጥሻቸው ሰዎች ይልካል። አምስት ሰው ያስመርጣል፤ በስም ሳይሆን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በተራ ቁጥር ይይዛቸዋል። ሐሙስ ዕለት የሙከራ መልእክት ልካላቸው ነበር።

«አሁን ለሁሉም ደርሷቸዋል» አለች።

ተናግራ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። መጀመሪያ ከታችኛው ቤት ያሉት ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ፣ ልጄ አለሽ ወይ እያሉ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው የስፌት ቤት ኃላፊ መጣች፣ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር። ማስተር ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቃተው፤ የሰውን በር በሽቦ የሚከፍት ሰው የገዛ በሩን ቀዳዳ ሳተ። ከኋላቸው አንድ ድምፅ ተጨመረ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው።

«ክፈት» አለች እናቱ።

በሩ ሲከፈት እናቱ ከላይኛው ሰፈር ሮጣ መጥታ፣ ሁለቱን ጫማ ከተለያየ ጥንድ አጥልቃ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ገባች። ልጇን አላየችውም። በቀጥታ ወደ ምራቷ ሄዳ ፊቷን ዳበሰች፣ ክንዷን አገላብጣ አየች። ማስተር አራተኛውን አገኘው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልነካኋትም። ጠይቂያት» አለ።

«አውቃለሁ። በሩ ግን ተቆልፎ ነበር» አለችው።

ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። ጸባይ ነውና በዚያ ሁሉ ኀፍረት መሐል እንኳ ጥርጣሬው አልተኛም፤ አራቱን ቆጥሮ ሲያበቃ አምስተኛውስ አለ። ሚስቱ ስልኩን ከፍታ ዘረጋችለት። አራት መስመር ላይ ቁጥር አለ፤ አምስተኛው ባዶ ነው።

«ማታ ማታ ያንተን ቁጥር እጽፋለሁ» አለች። «ከዚያ ደግሞ የምሸሸው ካንተ ቢሆንስ እላለሁ። አጠፋዋለሁ።»

ማስተር ባዶውን መስመር አየ። የቀናበት ሰው እሱው ራሱ ነበር፤ በየምሽቱ ተጽፎ በየምሽቱ የሚጠፋው።

እናቱ የምራቷን ክንድ ይዛ አስነሳቻት። እቤቷ ወስዳ እንደምታሳርፋት ተናገረች፤ ሚስቱም ሹራቧን ደርባ ተከተለቻት። እናቱ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር፣ የአባትህን ቁጥር ለመጻፍ አንድ ቀን እንኳ አልሞክርም ነበር» አለችው።

ወጡ። ማስተር መቼ ትመለሻለሽ ሊል አፉን ከፈተ፤ ከተጋቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን ዋጠው።